ስታዲየም አካባቢ ያረፍኩበት አፓርትመንት፣ ኤሲውና ቴክኒሻኑ

ከቨርጂኒያ ዘመድ ልጠይቅ መጥቼ ስታዲየም አካባቢ ዕቃ የተሟላለት አፓርትመንት ተከራየሁ። ስሙን አልጠቅስም። ቦታው አሪፍ ነው፤ መስቀል አደባባይም ለገሃርም በእግር ይኬዳል። ጽዳቱ ጥሩ፣ ጥበቃዎቹ ሰው አክባሪ ናቸው። ያናደደኝ ኤሲው ነው።

ወሩ መጋቢት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ክፍሉን ታግለዋለች። ኤሲው ይነፍሳል፣ ግን የሚነፍሰው ያንኑ የክፍሉን ሙቀት ነው። ዲግሪውን ብቀንሰውም ለውጥ የለም። እንግዳ መቀበያ ስደውል "ትንሽ ይጠብቁ፣ ይቀዘቅዛል" አሉኝ። ቆይተው ደግሞ "ጋዝ ጨርሷል፣ ለማስሞላት ግማሹን ወጪ እርስዎ ይሸፍናሉ" አሉ። ይሄን አልተቀበልኩም።

የአክስቴ ልጅ የሚያውቀውን ቴክኒሻን ጠራልኝ። ቴክኒሻኑ ምንም ሳይፈታ መጀመሪያ ሪሞቱን አየ። "እህቴ፣ ጋዙ ምንም አልሆነም፤ ፋን ላይ ነው ያለው" አለኝና ምልክቱን አሳየኝ። ፋን ላይ ሲሆን የሚሠራው ውስጥ ያለው ማራገቢያ ብቻ ነው፤ በረንዳ ላይ ያለው፣ የሚያቀዘቅዘውን ጋዝ የሚያዞረው ኮምፕረሰር አይነሳም፣ ጋዙም አይዞርም፣ ስለዚህ ዲግሪው 16 ይሁን 30 ልዩነት የለውም። ንፋሱ ላባችንን ስለሚያደርቀው ነው ቀዝቀዝ የሚለን እንጂ የክፍሉ ሙቀት አይቀንስም። የበረዶ ምልክቱ ላይ አደረገው፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የውጪው ተነሳ፣ ቀዝቃዛ አየር መጣ። አለቀ!

ፊልተሩንም አወጣው። አቧራው ሌላ ጨርቅ የለበሰ ነው የሚመስለው። በውሃ አጥቦ፣ ጥላ ላይ አድርቆ መለሰው፤ ቀዝቃዛ ላይም ሆነ ፋን ላይ አየሩ የሚያልፈው በዚያው በፊልተር ስለሆነ ካልታጠበ ንፋሱ ይደክማል።

እንደኔ እንደኔ አዲስ አበባ ላይ ፋን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ውጪው ቶሎ ይቀዘቅዛል። መስኮት ከፍቶ ፋን ማብራት ነው፤ ኮምፕረሰሩ ስለማይሠራ መብራትም በጣም ይቆጥባል። መስኮት መክፈቱን ግን አትርሱ፤ እንዲህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ በአብዛኛው ከውጪ አየር አይስብም፣ ያለውን ነው የሚያዞረው። ቀዝቃዛው ላይ ከቆየ በኋላ ከማጥፋታችሁ በፊት ትንሽ ፋን ላይ ብታቆዩት ውስጡ የቀረው እርጥበት ይደርቃል፣ የሻጋታ ሽታም ይቀንሳል። እኛ ጋ ቨርጂኒያ በሐምሌ ወበቅ ፋኑን ዝም ብሎ ሲሠራ መተው አይመከርም፤ ኮምፕረሰሩ ሲቆም እርጥበቱ ተመልሶ ቤት ውስጥ ይገባል። በመጋቢት አዲስ አበባ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይሄ አያሳስብም።

ቴክኒሻኑ የጠየቀው ዋጋ ተገቢ ነበር፣ ጉርሻም ጨምሬለታለሁ፤ ከ5 5። ለአፓርትመንቱ 3 ሰጥቻለሁ። የሪሞቱን ምልክቶች የሚያስረዳ አንድ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ ይለጥፉ፣ ሳያረጋግጡም እንግዳን የጋዝ ገንዘብ አይጠይቁ።