የቫኪዩም ከረጢት፦ ከስድስት ወር በኋላ

የቁም ሳጥኔ በር በትከሻ ካልተገፋ አይዘጋም ነበር። ከላይኛው መደርደሪያ አንድ አንሶላ ልሳብ ስል ብርድ ልብሱ ሁሉ ተከትሎ ይወርዳል። ጠዋት ጠዋት እየተቸኮለ ይሄ ሲደጋገም ያሰለቻል። በመጨረሻ አየሩ እየተመጠጠ የሚታሸገውን የቫኪዩም ከረጢት ገዛሁ፤ ስድስት ከረጢትና አንድ የእጅ ፓምፕ ያለበት እሽግ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ልብሱን መክተት፣ ድርቡን ዚፕ መዝጋት፣ በክቧ ቫልቭ በኩል አየሩን ማውጣት። የመጀመሪያውን ኮምፎርት የከተትኩ ቀን ቆሜ ነው ያየሁት። እስከ ጉልበቴ የነበረው ክምር እየተጨማደደ፣ እየተኮማተረ ሄዶ እንደ ጣውላ ደረቀ። አልጋ ሥር ሰተት ብሎ ገባ! ክብደቱ ግን ያው ነው። አየር እንጂ ሌላ የወጣለት ነገር የለም። ስለዚህ የሞላ ከረጢት ከፍ ያለ ቦታ ላይ አታስቀምጡ፤ ሲወርድ ወገብ ይፈትናል።

ሁሉም ልብስ አይሆንለትም። ኮምፎርት፣ ትራስ፣ ወፍራም ሹራብ በጣም ይቀንሳሉ። ጂንስና አንሶላ ውስጣቸው ብዙ አየር ስለሌለ ልፋት ብቻ ነው። የላባ ጃኬት ደግሞ ሙቀት የሚይዘው በላባው መሃል ባለው አየር ነው። ለወራት ተጨፍልቆ ከከረመ እንደ ድሮው ላይነፋ ይችላል። የቆዳ ጃኬትም መታጠፊያው ላይ መስመር ያወጣል። የእኔን ሁለቱንም መስቀያ ላይ ተውኳቸው።

እርጥበት ላይ አደራ። አንድ ፎጣ ደርቋል ብዬ ከትቼ ከወር በኋላ ስከፍተው ጠረኑ ክፍሉን ሞላው። ዳሩ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። ሻግቷል። ታጥቦም አልለቀቀም።

ከስድስቱ ሁለቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው አየር አስገብተው አበጡ። አንዱን ብርሃን ላይ ይዤ ሳየው ዚፑ መሃል ቀጭን የሱፍ ክር ተኝታለች። አውጥቼ፣ ዚፑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ በጣቴ ስጫነው እስካሁን ይዟል። ሌላው ግን ጎኑ ላይ ተከፍቶ ስለነበር ጣልኩት።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቤቴን ያቀለለው ከረጢቱ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ነበር የምከተው። የጠበበኝን ኮት ሳይቀር አሽጌ አስቀመጥኩ። ከአራት ወር በኋላ ሌላ ነገር ፍለጋ ያንን ከረጢት ስከፍት ውስጡ ምን እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። አንዱም ልብስ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አብዛኛውን ለሚለብሰው ሰው ሰጠሁ። ከዚያ ወዲህ ሳላሽግ በፊት ሁሉንም አልጋ ላይ እዘረጋለሁ። ዓመት ሙሉ ያልነካሁት ወደ ከረጢቱ አይገባም፣ ይሰጣል።

አሁን የምጠቀመው ሦስቱን ብቻ ነው። ሁለቱ ባዶአቸውን ታጥፈው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ትልቁን እሽግ አትግዙ፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰፋፊ ይበቃል። ፓምፑ ክንድ ያደክማል፤ ቤት ውስጥ የቫኪዩም መጥረጊያ ካለ ቱቦው ቫልቩ ላይ እንደሚገጥም አረጋግጡና ያለ ፓምፕ የሚሸጠውን ውሰዱ። ስታሽጉ ደግሞ ምን እንደከተታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉና ጽሑፉ ወደ ውጭ እንዲታይ አድርጋችሁ አብራችሁ ክተቱት።