ኤልጂ ሲ3 ወይስ ሳምሰንግ ኤስ90ሲ? ለፊልምና ለጌም

ሁለቱም የ2023 (እ.ኤ.አ.) ኦሌድ ቴሌቪዥኖች ናቸው፤ ኦሌድ ማለት እያንዳንዱ የስክሪን ነጥብ የራሱን ብርሃን የሚያወጣበት ነው፤ አራቱም የኤችዲኤምአይ (የምስልና ድምፅ ገመድ) ማስገቢያዎቻቸው ፈጣኑ 2.1 ናቸው። ልዩነቱ ከስክሪኑ ይጀምራል። የሳምሰንጉ 55፣ 65 እና 77 ኢንች ኪውዲ-ኦሌድ (ቀለሙን በኳንተም ዶት ቅንጣቶች የሚያወጣ ኦሌድ) ስለሆነ ደማቅ ትዕይንት ላይ ቀዩና አረንጓዴው አይነጣም። መጋረጃው ተከፍቶ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጥቁሩ ወደ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ኤልጂው ላይ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ሳሎናችሁ ቀን ቀን ፀሐይ የሚገባበት ከሆነ ሌላውን ሳታዩ ኤልጂውን ውሰዱ።

ዶልቢ ቪዥን (ብርሃንና ቀለሙን በየትዕይንቱ የሚያስተካክል የምስል ፎርማት) ያለው ኤልጂ ብቻ ነው፤ ሳምሰንግ በምትኩ ተመሳሳይ ሥራ ያለውን ኤችዲአር10 ፕላስ ይዟል። ሳምሰንጉ ዲቲኤስ የሚባለውን የፊልም ድምፅ ፎርማትም አያጫውትም። ፊልም በፍላሽ ለሚያይ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፁ የለም።

ጌም ላይ ፕሌይስቴሽን 5 ዶልቢ ቪዥን ስለማይሰጥ የኤልጂው ብልጫ እዚህ አይሠራም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ላይ ይሠራል። በኮምፒውተር ለሚጫወት ሳምሰንጉ እስከ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ምስል) ይሄዳል፤ ኤልጂው 120 ላይ ይቆማል። 120 ኸርዝ እንቢ ካለ መጀመሪያ የኤችዲኤምአይ ገመዱን በባለ 48 ጊጋቢት ቀይሩ፤ ቀጥሎ ኤልጂው ላይ «ኤችዲኤምአይ ዲፕ ከለር»ን ወደ 4ኬ፣ ሳምሰንጉ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»ን አብሩ።

ማታ ከዲቫይደሩ ማጥፋት ለሁለቱም ጠር ነው። ስክሪኑ ራሱን የሚያጸዳው በሪሞት ከጠፋ በኋላ፣ መብራት ሳይቋረጥበት ነው። ይህ ካልሆነ የቻናል አርማ ጥላው የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል።