ለገና ጥድ ፈቃድ ጠይቄ ያገኘሁት አራት ዓይነት መልስ

ከደሴ ዙሪያ ለገና አንዲት ጥድ ልቁረጥ ብዬ ነበር። ልጆቹ ፕላስቲኩ ሰልችቷቸዋል። ስሙን የማልጠራው ቢሮ በቴሌግራም ያወጣውን መመሪያ ከፈትኩ። አንዱ ጽሑፍ «ቅርንጫፍ ብቻ» ይላል፣ ሌላው «በፈቃድ ሙሉ ዛፍ»፣ ሦስተኛው ደግሞ የትኛው ጥድ እንደሆነ እንኳ ሳይለይ «ጥድ ክልክል ነው» ብሎ ቁጭ። ወይ ጉድ! የሐበሻ ጥድና የፈረንጅ ጥድ እኮ አንድ አይደሉም። የሐበሻው አገር በቀል ነው፣ አስተዳደጉም አዝጋሚ፣ እሱ ቢከለከል ደግ። የፈረንጁ ግን ለጣውላ ተብሎ የሚተከል ነው፤ ደኑ እንዲሳሳ ተቆርጦ ከሚወገደው ቢሸጡልን ምናለ?

ስደውል አራተኛ መልስ ሰጡኝ። ለነገሩ ጸባያቸው ሸጋ ነው፣ «አብሽር ወንድሜ» ብለው ነው የሸኙኝ። ግን አብሽር ፈቃድ አይሆንም። ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 የተከለከለ ስለሆነ፣ በወሬ ተማምኜ መጥረቢያ ይዤ የጎፍ ደን አልገባም።

አሜሪካ የገና ዛፍ መቁረጫ ፈቃድ ሬክሪዬሽን ዶት ጎቭ በሚባል ድረ ገጽ ይሸጣል። እዚያም ቢሆን የዛፉ ቁመትና የጉቶው ልክ ከደን ደን ይለያያል፣ ቢያንስ ግን ሳትከፍል በፊት የምትሄድበትን ደን ደንብ ታነባለህ። እኛ ጋ አንድ ገጽ በቂ ነበር፦ የቱ ዛፍ፣ ከየት፣ በስንት ብር።

ለቢሮው ሁለት ኮከብ፣ አንዱ ለአብሽሩ። እኔ በቆርቆሮ የበቀለች ችግኝ ገዝቻለሁ፣ ከታኅሣሥ 29 በኋላ ጓሮ ትገባለች።