ኤፍሲ 24 በድሬ ጌም ቤት፦ የትኛው ደረጃ ብሩን ያወጣል?

የእግር ኳስ ጌሙ ኤፍሲ 24 ኮምፒውተሩን ለሚገጥም ሰው ሰባት የክብደት ደረጃ አቅርቧል፦ ቢጊነር፣ አማተር፣ ሰሚ ፕሮ፣ ፕሮፌሽናል፣ ወርልድ ክላስ፣ ሌጀንደሪና አልቲሜት። ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ይሁን መጋላ ወይም ሳቢያን ጌም ቤት ገብቶ በሰዓት ለሚከፍል ተጫዋች ብሩን የሚያወጡለት ሁለቱ ናቸው፤ ፕሮፌሽናልና ወርልድ ክላስ። ከእነሱ በታች ያሉት እጅ ማፍታቻ ናቸው። ከእነሱ በላይ ለመውጣት ደግሞ መጀመሪያ የቤቱን ቴሌቪዥንና ጆስቲክ መመርመር ያስፈልጋል፤ ጨዋታውን ከሚያከብዱት ነገሮች ብዙዎቹ ጌሙ ውስጥ የሉምና።

ከቴሌቪዥኑ እንጀምር። ብዙ ጌም ቤት ውስጥ ስክሪኑ ከካርቶን እንደወጣ፣ ለፊልም እንደተስተካከለ ነው የሚሰቀለው። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ለማሳመር የሚወስዳት ጊዜ አለች፤ በአንዳንዱ ስክሪን ላይ ይህች መዘግየት እስከ ሰከንድ አንድ አስረኛ ትደርሳለች። ፊልም ለሚያይ ሰው ምንም አይደለችም። ኤፍሲ 24 ግን በሰከንድ 60 ምስል ስለሚያሳይ አንድ አስረኛ ማለት ስድስት ምስል ነው፤ አጥቂው ኳሷን ወደ ጎን ሲያወጣት ተከላካዩን የያዘው ልጅ የሚያየው ከወጣች በኋላ ነው። ፕሮፌሽናል ላይ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያንቀላፋ ነገሩ ሳይታወቅ ያልፋል። ሌጀንደሪ ላይ ግን ታክል ሁሉ ይረፍዳል፣ ፋውል ይበዛል፣ ቢጫ ካርድ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ "አቦ፣ ይሄ ጌም ሌባ ነው!" የሚለው ጩኸት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከመክፈልዎ በፊት ዋናው ሜኑ ላይ የአቅጣጫ ቁልፎቹን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አድርገው በፍጥነት ይጫኑ። ስክሪኑ ላይ የሚበራው ሳጥን ከአውራ ጣትዎ ኋላ ኋላ የሚከተል ከሆነ ቴሌቪዥኑ ይዘገያል። በሪሞቱ የምስል ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ጌም ሞድ የሚለውን ማብራት ነው። ጌም ሞድ ከሌለው በአንዳንድ ቴሌቪዥኖች ላይ የኤችዲኤምአይ መግቢያውን ስም ወደ ፒሲ መቀየርም የምስል ማሳመሩን ይቀንሰዋል። የቤቱ ልጅ ሪሞቱን ለመስጠት ካንገራገረ ሌላ ስክሪን ላይ ይቀመጡ። ያ ካልተገኘም ከፕሮፌሽናል አይለፉ።

ጆስቲኩ ላይ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የግራው ስቲክ ነው፤ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በልምምዱ ሜዳ ላይ እጅዎን ሲያነሱ ተጫዋቹ በራሱ መራመድ ከጀመረ ስቲኩ አልቋል። ሁለተኛው የአር 2 ቁልፍ ነው፤ ሩጫ የሚመጣው ከእሱ ስለሆነ ስፕሪንጉ የላላ ጆስቲክ የያዘ ሰው ፈጣን ክንፍ ይዞም በተከላካይ ይደረስበታል። ሦስተኛው የኤክስ ቁልፍ ነው። ለስላሳ መጠጥ ፈሶበት የሚጣበቅ ኤክስ ሲጫኑት ቶሎ ስለማይመለስ ለሁለት ሜትር የታሰበችው ፓስ ኃይሏ በዝቶ ተቃራኒው እግር ስር ታርፋለች። ይህ እያለ ደረጃ ስለመምረጥ ማውራት ከንቱ ነው።

ወደ ደረጃዎቹ ስንመጣ ልዩነታቸው የኮምፒውተሩ ተጫዋቾች መፍጠናቸው ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዋናው ልዩነት ኮምፒውተሩ ስህተት የሚሠራበት መጠንና ለመወሰን የሚወስደው ጊዜ ነው። ቢጊነርና አማተር ላይ ኳስ ይዘው ቢቆሙ እንኳ ሊነጥቅ መጥቶ የሚጫንዎት የለም። ሰሚ ፕሮ ላይ መጫን ይጀምራል፣ ግን በአንድ ሰው። ፕሮፌሽናል ላይ በሁለቱ መሃል ተከላካዮች መካከል ክፍተት ይተዋል፤ በሦስት ማዕዘኑ ቁልፍ የምትሰነጠቅ ኳስ የምትሠራው እዚህ ነው፤ ያለማቋረጥ ትሠራለች፣ በመጨረሻም የምታሰለቸው ለዚሁ ነው። ወርልድ ክላስ ያንን በር ይዘጋዋል። መስመር እየቀያየሩ፣ ኳሷን ወደ ኋላ እየመለሱ ክፍተት እንዲፈልጉ ያስገድዳል፤ ራሱ ኳስ ሲይዝ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ሰው የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሌጀንደሪ ላይ ስህተቱ ስለሚጠፋ ኳሷን መልሶ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በራሱ ሜዳ አስር ፓስ ሲቀባበል ዝም ብሎ ማየት ነው። ጌሙ ፊፋ ይባል በነበረበት ጊዜ በፊፋ 21 የመጣው ኮምፒቲተር ሞድም የሚገኘው እዚህና አልቲሜት ላይ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንደ ውድድር ተጫዋች እንዲያታልልና ድሪብል እንዲያደርግ የሚያደርገው ማስተካከያ ነው። አልቲሜትን የሚጫወት ሰው ቤቱ የራሱ ፕሌስቴሽን ይኑረው። በሰዓት እየከፈሉ የሚለማመዱት ነገር አይደለም።

ደረጃ ለመቀየር ጊዜው መድረሱን የሚነግረው ጨዋታው ሲያልቅ የሚወጣው የቁጥር ገጽ ነው። አብዛኛው ልጅ ሳያነበው ኤክስ ይጫንበታል። እኩል ኮከብ (ጌሙ ለቡድኑ ጥንካሬ የሚሰጠው ነጥብ) ካለው ቡድን ጋር አራት አምስት ጨዋታ በተከታታይ በሦስት ጎልና ከዚያ በላይ ካሸነፉ ይውጡ። የኳስ ይዞታዎ ከ40 በመቶ በታች፣ ወደ ጎል የመቱት ከሦስት ያነሰ ከሆነ ይውረዱ። የፓስ ስኬትዎ ከ75 በመቶ በታች ከሆነ ግን ደረጃውን አይንኩ፤ ያ የኮምፒውተሩ ጥፋት ሳይሆን የእርስዎ መቸኮል ነው፣ ወይም ያ የተጣበቀው ኤክስ።

በሁለት ደረጃዎች መካከል ያለው ገደል ሲሰፋ ቡድኑን ራሱን እንደ ደረጃ መጠቀም ይቻላል። ማንችስተር ሲቲን ይዞ ባለ ሦስት ኮከብ ቡድን በወርልድ ክላስ የሚያደቅቅ ልጅ ወርልድ ክላስን ቻልኩት ሊል አይችልም። ፕሮፌሽናል ቀሎ ወርልድ ክላስ ሲከብድ እዚያው ፕሮፌሽናል ላይ ቆይቶ ከተቃራኒው በግማሽ ኮከብ፣ ከዚያም በአንድ ኮከብ ያነሰ ቡድን መያዝ ከሁሉም የተሻለ መሰላል ነው። በዚህ አጋጣሚ፣ የኛ ሊግ ጌሙ ውስጥ ስለሌለ ድሬዳዋ ከተማን የሚፈልግ በካሪየር ሞድ (ክለብ ይዞ ከዓመት ዓመት በሚጫወቱበት ክፍል) የራስን ክለብ መፍጠሪያው ውስጥ ብርቱካናማ ማሊያ አልብሶ መሥራት አለበት፤ እዚያም ቡድኑ ስንት ኮከብ ይኑረው የሚለውን ራሱ ስለሚመርጥ ደረጃውን በሁለት በኩል ማስተካከል ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስላይደር፣ ማለትም በቁጥር የሚስተካከለው መቆጣጠሪያ ነው፤ ጌሙ በዚህ በኩል በእውነት ሊመሰገን ይገባል። የፍጥነት፣ የፓስ ስህተት፣ የሹት ስህተት፣ የበረኛ ብቃትና የመሳሰሉት ለተጫዋቹና ለኮምፒውተሩ ለየብቻ ከ0 እስከ 100 ይስተካከላሉ፤ ሁሉም መነሻቸው 50 ነው። ሴቲንግስ ገብተው ጌም ሴቲንግስን ይክፈቱ፤ በኤል 1ና በአር 1 ወደ ዩዘር (የተጫዋቹ) እና ሲፒዩ (የኮምፒውተሩ) ስላይደር ይሄዳሉ። ሌጀንደሪን የሚፈልግ ግን ኳስ አልነጠቅ ያለው ሰው ከሲፒዩ በኩል የፓስ ስህተትን ወደ 56 ወይም 58 ከፍ ያድርግ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስህተቱ ነው የሚጨምረው፣ ብዙዎች ገልብጠው ይረዱታል። ተከላካዮቹ ክንፉን ሁሉ እየደረሱበት ካስቸገሩ የሲፒዩውን የሩጫ ፍጥነት ወደ 47 ማውረድ ይበቃል። ወደ 40 ካወረዱት ግን ሜዳው ባዶ ይሆናል፣ ጨዋታውም አማተር ሆኖ ያርፋል። በአንድ ጊዜ አንድ ስላይደር ብቻ ነክቶ ሁለት ጨዋታ መጫወት ነው፤ አምስቱን አንድ ላይ የነካካ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም። ሲጨርሱ ወደ መነሻው መልሱት፣ ቀጥሎ ለሚቀመጠው ሰው ሲባል።

የግማሽ ጨዋታ ርዝማኔም ዝም ብሎ የሰዓት ጉዳይ አይደለም። በአራት ደቂቃ ግማሽ አንድ ጎል የገባበት ሰው የመመለሻ ጊዜ ስለሌለው ይቸኩላል፤ ስለዚህ ያው ወርልድ ክላስ ከስድስት ደቂቃው ይልቅ በአራቱ ይከብዳል። ቤቱ በጨዋታ የሚያስከፍል ከሆነ ባለቤቱ ወደ አራት ያወርደዋል፤ አይፈረድበትም። በሰዓት ከሆነ ግን ስድስት ወይም ስምንት ይጠይቁ።

ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲጋጠም፣ በተለይ የተሸነፈ በሚከፍልበት ጨዋታ፣ ክርክሩ መነሳት ያለበት የመከላከያው ዓይነት ላይ ነው። ሌጋሲ ዲፌንዲንግ ላይ ያለ ልጅ ኤክስን ይዞ ብቻ ተከላካዩን ወደ ኳሱ ይነዳዋል፤ ታክቲካል ላይ ያለው ግን በኤል 2 ቆሞ፣ ርቀት ለክቶ፣ በራሱ እጅ ነው የሚነጥቀው። አንዱ ሌጋሲ፣ አንዱ ታክቲካል ከሆነ ጨዋታው እኩል አይደለም። ጆስቲክ ከመያዛችሁ በፊት ሁለታችሁም የእርስ በርስ ሴቲንጋችሁን ተያዩ።

ጌሙ የተሸነፈውን ይረዳል፣ ውጤቱ ቀድሞ የተጻፈ ነው የሚባለው ወሬ እዚህም አለ። የጌሙ ሠሪ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በተደጋጋሚ ክዶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ካሊፎርኒያ ውስጥ በዚሁ ጉዳይ ክስ ተመሥርቶበት በቀጣዩ ዓመት ከሳሾቹ ራሳቸው አንስተውታል። በድብቅ የሚለዋወጥ ክብደት ያለው ጌም ለማየት የሚፈልግ እ.ኤ.አ. የ2005ቱን ሬዚደንት ኢቭል 4 ይሞክር፤ እሱ በተደጋጋሚ ለሚሞት ተጫዋች ሳይነግረው ጠላቶቹን ያለሰልስለታል።

ታሪክ ያላቸው ጌሞች በሰዓት ክፍያ ሲጫወቱ ሒሳባቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ ጋድ ኦፍ ዋር አራት ደረጃ አለው፤ ሦስቱን በመሃል መቀያየር ይቻላል፣ አራተኛውንና ከባዱን መርጦ የጀመረ ግን ለማውረድ ከዜሮ መጀመር አለበት። ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ ላይ ይወጣል፤ ማን ያነበዋል? ለጌም ቤት ሁለተኛው፣ ሚዛናዊ የሚለው፣ ልክ ነው። ከሁሉም በደረጃ አሠራር የሚበልጠው ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት 2 ነው፤ ክብደቱን በአምስት ከፍሎ ለተጫዋቹ ጉዳት፣ ለጠላቶቹ፣ ለአጋሮቹ፣ ለመደበቅና ለሚገኘው ዕቃ ለየብቻ ያስመርጣል። ጠላቶቹን ሃርድ፣ ዕቃውን ላይት ማድረግ ለሰዓት ከፋይ ተስማሚ ቅንብር ነው፤ ውጊያው አይቀልም፣ በየመሳቢያው ጥይት ፍለጋ የሚባክነው ደቂቃ ግን ይቀንሳል። ኤልደን ሪንግ የደረጃ ምርጫ የሚባል ነገር የለውም፤ እሱን እቤት።

የድሬ ሙቀት የራሱ ሒሳብ አለው። ሶኒ ለፕሌስቴሽን 4 ያስቀመጠው የክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ነው፤ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ስር፣ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ማሽን ያንን ያልፋል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ሲጮህ ከሰሙ ረጅም ጨዋታ አይጀምሩ። ከሙቀት ማስጠንቀቂያው በኋላ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ከኋላው አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ያለው፣ አቧራው በየጊዜው የሚነፋለት ቤት ይምረጡ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ የሚጎዳው ሴቩ፣ ማለትም የተቀመጠው ጨዋታ ነው። የማስቀመጫው ምልክት እየዞረ እያለ ከጠፋ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፤ ስለዚህ ካሪየር የያዘ ሰው ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ሁለት የተለያዩ ሴቮች ላይ እያፈራረቀ ያስቀምጥ። በሴቲንግስ ውስጥ ወደ ፍላሽ መቅዳት ይቻላል፣ ግን በሌላ ሰው አካውንት ስለማይከፈት ፍላሽ ይዞ ከቤት ቤት መዞር አያዋጣም፤ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ማሽን፣ ያንኑ ስም ነው። መብራት የበላው ሰዓት ከሒሳቡ ይቀነስ እንደሆነም ጆስቲኩን ከመያዝዎ በፊት ይጠይቁ፤ የየቤቱ ደንብ ይለያያል።