የደላላ መኪና ወይስ የድርጅት? ከግጭት በኋላ የሚመጣው ሂሳብ

የሰርግ ወር በደረሰ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ደብረ ብርሃን ላይ በርካሽ መኪና የሚያከራይ ታውቃለህ?» አውቃለሁ። ግን አልጠቁምም። በርካሹን ተከራይቼ 150,000 ብር ያወጣሁ ሰው ነኝ።

ሸዋ ሮቢት ሰርግ ነበረብን። ፈቃድ ያለው አከራይ ድርጅት ቪትዝ በቀን 3,500 አለኝ። ደላላው ያንኑ ዓይነት ቪትዝ በ2,500 አመጣልኝ፤ ኮድ 2፣ የግለሰብ። በሦስት ቀን 3,000 ብር ተረፈኝ ብዬ ደስ አለኝ። «ኢንሹራንስ አለው?» ስለው መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስቲከር በጣቱ ቆርቆር አደረገና «ይኸው!» አለኝ።

ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዷል። የዚያን አገር ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የራስህ ኮፋኖ አይታይህም። ዋሻው ሳንደርስ የቆመ አይሱዙ ከኋላው ገባሁበት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። አይሱዙው ትንሽ ተጫረ፣ የቪትዟ ፊት ግን እንደ ቆርቆሮ ተጨማደደ።

ያ ስቲከር የሦስተኛ ወገን ነው። በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት ግዴታ የሆነው ማለት ነው። የሚከፍለው ለገጨኸው ሰውና ንብረት ነው፤ ለምትነዳው መኪና አምስት ሳንቲም የለውም። ባለመኪናው ሙሉ ኢንሹራንስም (የራሷን የመኪናዋን ጉዳት የሚሸፍነው) ነበረው። ውሉ ላይ ግን «ለግል አገልግሎት» ይላል። ተከራይቶ ሲጋጭ ኢንሹራንሱ እጁን ሰበሰበ። ሰውየው አልተቆጣም፣ «ወንድሜ፣ እንደወሰድካት መልስልኝ» ብቻ አለኝ።

ሂሳቡ ይኸው። ኮፋኖ 30,000። ፓራውልት 15,000። ራዲያተር 18,000። ላሜራና ቀለም 25,000። የፊት መብራት ላይ ብልጥ ልሁን ብዬ ፎርጂዱን በ9,000 ገዛሁ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ውሃ ቋጠረ፤ ውስጡ ዓሣ ማርባት ይቻላል። ባለመኪናው አልቀበልም አለ፣ ያገለገለ ኦሪጅናል በ28,000 ደገምኩ። በዚህ ላይ መኪናዋ ጋራዥ የቆመችበት 19 ቀን አለ። በቀን 2,500 ክፈል ተባልኩ። ሽማግሌ ገብቶ በ10 ቀን ተስማማን፣ 25,000። ደምሩት።

የድርጅቱ መኪናስ? የአክስቴ ልጅ ጫጫ አካባቢ አጋጭታ ነበር፣ ጉዳቱ ከኔ አያንስም። ውሏ ላይ ኤክሰስ 10,000 ተብሎ ተጽፏል። ኤክሰስ ማለት ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪስ የሚወጣው ድርሻ ነው። 10,000ዋን ከፈለች፣ ቤቷ ገባች። ፕሮፎርማ መሰብሰቡ፣ ከጋራዥ ጋር መጨቃጨቁ የአከራዩ ጣጣ ሆነ።

ስለዚህ የድርጅቱን ውሰዱ። ግን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አይደለም። የኢንሹራንስ ውሉን ኮፒ አሳዩኝ በሉ፤ አገልግሎቱ «ለኪራይ» መባሉን እዩ። ቀጥሎ መኪናው በስንት ብር እንደተመዘገበ እዩ፤ ይሄን ብዙ ሰው አይጠይቅም። የመኪና ዋጋ በየዓመቱ ሲወጣ ኢንሹራንሱ በድሮው ዋጋ የቀረ ሞልቷል። 2 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ለ200,000 ብር ጉዳት ኢንሹራንሱ ግማሹን ያሰላል፣ ከዚያም ላይ ኤክሰሱን ይቀንሳል። የቀረውን ማን ይከፍላል? አከራዩ ወደ እናንተ ነው የሚዞረው። መኪናው ለቆመበት ቀን ማን እንደሚከፍልም ውሉ ላይ ይጻፍ። «እንግባባለን» የሚባል ነገር የለም፤ እኔም ከደላላው ጋር ተግባብቼ ነበር።

ከነሹፌሩ መውሰድስ? የቀኑ ኪራይ ይጨምራል። ወደ መንዝ ወይም አንኮበር የምትወጡ ከሆነ እኔ ሳልከራከር እከፍላለሁ። መሪውን የያዘው የእነሱ ሰው ነው፣ ቢጋጭም ጣጣው የእነሱ። ሰርግ ላይ ደግሞ የደብረ ብርሃን አረቄ ይቀርባል፤ ጠጥቶ ለነዳ ሰው ኢንሹራንስ እንደማይከፍል አትርሱ።

ከተጋጫችሁ ደግሞ የትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ መንገድ ላይ ተስማምታችሁ አትለያዩ። የፖሊስ ሪፖርት ከሌለ የኢንሹራንሱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስም። መኪናውን ስትረከቡም ዙሪያውን በስልክ ቅረጹት፣ ስፖኪዮው ላይ ያለችውን ጭረት ሳይቀር።

ያ የ9,000 ብር መብራት እስካሁን አልጋዬ ስር አለ። ቪትዝ ያለው ሰው ካለ በ2,000 እሰጠዋለሁ። ውሃ እንደሚቋጥር ግን ነግሬያለሁ።