«32 ኢንች» ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ቲቪ፦ ሜትርና ፍላሽ ሳትይዙ እንዳትገዙ

ለመኝታ ቤት የሚሆን ረከስ ያለ ፍላት ቲቪ የምትፈልጉ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። መርካቶም ሆነ ቴሌግራም ላይ «32 ኢንች፣ ስማርት፣ 4ኬ፣ አዲስ ከነካርቶኑ» እየተባለ፣ ዋጋው ከሌላው ሱቅ በደንብ ወረድ ብሎ የሚቀርብ ቲቪ አለ። ካርቶኑ አዲስ ነው፣ ሪሞቱም አዲስ ነው። ስክሪኑ ግን ወይ 28 ኢንች ነው፣ ወይ ከአሮጌ ቲቪ ተፈቶ አዲስ ፍሬም የለበሰ ነው። ሁለቱንም የሆነም አይጠፋም።

ከልኩ እንጀምር። ኢንች የሚቆጠረው በሰያፍ ነው፤ ከታች ግራ ጥግ እስከ ላይ ቀኝ ጥግ፣ ያውም ምስል የሚታይበት ክፍል ብቻ። እውነተኛ 32 ኢንች በሰያፍ ከ80 እስከ 81 ሳንቲሜትር ይመጣል፣ ወርዱ ደግሞ 70 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። ሰያፉ 71 ከሆነ የያዛችሁት 28 ኢንች ነው፣ 61 ከሆነ 24። ሻጩ ሜትሩን ከፍሬም እስከ ፍሬም ዘርግቶ «ይኸው» ሊላችሁ ይችላል፤ ፍሬም አይቆጠርም። አራት ኢንች ምን አላት እንዳትሉ፦ 28ቱ ከ32ቱ ስፋት ሩብ ያህል ያንሳል። ስትለኩ ደግሞ ቲቪው ይብራ። በተለይ ፊቱ መስታወት የሆነው፣ ሲጠፋ ከዳር እስከ ዳር ስክሪን ይመስላል፤ ሲበራ ምስሉ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገብቶ ይቆማል።

አሮጌ ስክሪንን ለመለየት አምስት ባዶ ምስል ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሂዱ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሱቅ ውስጥ የሚከፍቱላችሁ ያ ዓሣና አበባ የሞላበት ደማቅ ቪዲዮ ማንኛውንም ነውር ይሸፍናል፤ የሚከፈተውም ለዚሁ ነው። ነጩን ስታስገቡ ጠርዙ ላይ ቢጫ ወይም ቡኒ ጥላ ካያችሁ፣ ከጀርባ ያለው ብርሃን የሚያሰራጨው ሽፋን በሙቀት ብዛት ተጎድቷል። ክብ ክብ ሆኖ ከሌላው ይበልጥ የፈካ ነጥብ ካለ ደግሞ የኤልኢዲዋ (ከጀርባ ሆና የምታበራው ትንሽ አምፖል) ሌንስ ሙጫው ለቆ ወድቋል። ሁለቱም ብዙ የሠራ ቲቪ ምልክት ናቸው፣ «ሲሞቅ ይጠፋል» ቢሏችሁ አትመኑ። ጥቁሩ ላይ የማይጠፋ ባለቀለም ነጥብ፣ በቀለሞቹ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር ፈልጉ። መስመር ያለው ስክሪን በአብዛኛው የሚድነው ፓነሉ (ምስል የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) ሲቀየር ነው፤ የፓነል ዋጋ ደግሞ የቲቪውን ዋጋ ይጠጋል። ጀርባውንም ገልብጡት፦ የብሎኑ ራስ የተፋቀ ከሆነ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ይብራ። የርካሽ ቲቪ ዋናው በሽታ ባክላይት (ከፓነሉ ጀርባ ያለው መብራት) ነው፦ ድምፁ አለ፣ ምስሉ ጨለመ። የስልክ ባትሪ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አድርጋችሁ ስታበሩበት ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ፓነሉ ደህና ነው፣ የሞተው ከጀርባው ያለው መብራት ነው። ኤልኢዲዎቹ እንደ ገና መብራት ተከታትለው ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ሌሎቹም ይጠፋሉ። ቶሎ የሚቃጠሉት ሱቅ ውስጥ ደምቆ እንዲታይ ከአቅማቸው በላይ ኃይል ስለሚሰጣቸው ነው። ስለዚህ የገዛችሁት ዕለት ሜኑ ገብታችሁ ባክላይቱን ወደ 50 አውርዱት፤ ለመኝታ ቤት ይበቃል፣ ዕድሜውንም ያረዝማል። ከተቃጠለ ደግሞ ጠጋኙ አንዷን ብቻ ሳይሆን ኤልኢዲዎቹ የተደረደሩባቸውን ዘንጎች በሙሉ ይቀይር፣ አለዚያ በወሩ ትመለሳላችሁ።

«4ኬ» የሚለው ስቲከር የምስሉን ጥራት አይናገርም። የርካሽ 32 ኢንች ፓነል ብዙውን ጊዜ 1366 በ768 ነው፤ 4ኬ ማለት 3840 በ2160፣ ስምንት እጥፍ ገደማ። ቲቪው የ4ኬ ፋይል ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያል፣ ስቲከሩም የሚመካው በዚሁ ነው። እውነቱን ለመናገር አልጋ ላይ ሆኖ ለሚያይ 1366 በ768 አያስከፋም፤ የሚያስከፋው በ4ኬ ዋጋ መግዛቱ ነው።

የታወቀ ብራንድ ስም ለጥፈው የሚሸጡትንም ሜኑው ያጋልጣቸዋል። ሲበራ የሚመጣው አርማ ከቦርዱ (ቲቪውን ከሚያሠራው ሰሌዳ) ሶፍትዌር ጋር ስለሚጫን ማስረጃ አይሆንም። የቅርብ ዓመታት የሳምሰንግ ስማርት ቲቪ የሚሠራው ታይዘን በሚባል ሲስተም፣ የኤልጂ ደግሞ ዌብኦኤስ በሚባል ነው። «ሳምሰንግ» ተብሎ የአንድሮይድ ገጽ ከከፈተ ሌላ ቦርድ ነው። ስማርት ከተባለ ዋይፋዩን ከስልካችሁ አገናኝታችሁ ዩቲዩብ አጫውቱ፤ 512 ሜጋ ራም ያለው እዚያው ይንቀረፈፋል።

ያለ ሪሲቨር ዲሽ ይቀበላል ካሏችሁ ከጀርባው ጥርስ ያለው፣ ኤልኤንቢ የሚል መሰኪያ እዩ። ለስላሳው ክብ መሰኪያ የአንቴና ነው፣ ኢትዮሳትን አያመጣም። ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጋችሁ የምትሰቅሉትም ከሆነ ቁጢጥ ብላችሁ ከታች ወደ ላይ ተመልከቱት፤ ርካሽ ፓነል ከዚያ ሲታይ ፊት ሁሉ ይጠቁራል።

በመጨረሻ ደረሰኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው ጽሁፍ ይህን አይሽረውም። ግን በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ይዛችሁ አትከራከሩም። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ «32 ኢንች አዲስ» የሚለው ቃልና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ። ቁጥሩ ከጀርባውም ከካርቶኑም ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ካልገጠመ ካርቶኑ የሌላ ቲቪ ነው፣ ሂሳብ አትክፈሉ።