አዲስ ኮሌጅ ወይስ ስመ ጥሩው ቅርንጫፍ?

የእህቴ ልጅ አካውንቲንግ ልትማር ነው። ከሜክሲኮ እስከ ስታዲየም በእግራችን ዞረን ሦስት በራሪ ወረቀት ይዘን ገባን። አንዱ ገና የተከፈተ ኮሌጅ ነው። ሁለተኛው ሁሉም የሚያውቀው ነባር ተቋም ነው፤ አሁን አዲስ ቅርንጫፍ ከፍቷል። ሦስተኛው የውጭ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በኦንላይን እንደሚሰጥ ይናገራል። ሦስቱም ላይ «ዕውቅና ያለው» የሚል በደማቁ ተጽፏል።

እህቴ ነባሩን አነሳች። «የጎረቤት ልጅ ሁሉ የተማረበት አይደል እንዴ!» አለች።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለስም አይደለም። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ፣ መደበኛ ይሁን የርቀት ተለይቶ ነው። ዋናው ካምፓስ አካውንቲንግ ማስተማር ተፈቀደለት ማለት ቅርንጫፉም ተፈቀደለት ማለት አይደለም። ፈቃዱ ጊዜም አለው፤ ይታደሳል። ስለዚህ ነባሩን ስትጠይቁ «ዕውቅና አላችሁ?» አትበሉ። «ለዚህ ትምህርት፣ በዚህ ግቢ፣ እስከ መቼ?» በሉ። እኛ ስንጠይቅ ሬጅስትራሯ «ወረቀቱ ዋናው ቢሮ ነው» አለችን። እሺ ብለን ወጣን።

አዲሱ ኮሌጅ ፈቃድ ለማግኘት አመልክቶ መምህራኑን፣ ቤተ መጻሕፍቱንና መማሪያ ክፍሎቹን ያስገመግማል። ከዚያ በፊት ተማሪ መመዝገብ አይችልም። «በሂደት ላይ ነው፣ ለመስከረም ይደርሳል» ካሏችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ፈቃዱ በእጁ ካለ ግን አዲስነቱ ብዙም አያስፈራኝም። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፤ ገና ያስመረቀው ተማሪ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥትም የግልም ተማሪ የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚያገኘው የመውጫ ፈተናውን ቢያንስ 50 በመቶ አምጥቶ ሲያልፍ ነው። ነባሩን «ባለፈው ዙር ከአካውንቲንግ ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። አዲሱን ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ? እዚህ ላይ ነባሩ ይበልጣል፤ ቁጥሩን ከነገራችሁ ማለቴ ነው።

የኦንላይኑን ባጭሩ። የውጭ ዲግሪ እዚህ አገር ሥራ ላይ ሲውል የአቻ ግምት፣ ማለትም ከአገር ውስጥ ዲግሪ ጋር እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ፣ ይጠየቃል። ክፍያ ከመፈጸም በፊት የዩኒቨርሲቲውን ስም ይዞ ባለሥልጣኑ ዘንድ መጠየቅ ነው። አራት ዓመት ተምሮ ከዚያ መጠየቅ ግን ያስለቅሳል።

አዲሱ ኮሌጅ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። የዘርፉን ስም፣ የግቢውን አድራሻና ቀኑን አንብበን በስልክ ፎቶ አነሳነው። ሰኞ ባለሥልጣኑ ቢሮ ሄደን እናጣራለን። ልጅቷ ተስማምታለች። እህቴ ግን አሁንም የነባሩን በራሪ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፋዋለች።